የአያቴ ነፍጥ
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በአንድ አባል የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ስለ አሮጌ ጠመንጃ ላወጋችሁ ነው። «ዕድርና ጠመንጃ ምን አገናኛቸው?» ትሉ ይሆናል። ታገሡኝ፣ እደርስበታለሁ።

በአያቴ ቤት ግድግዳ ላይ በአፈሙዙ የሚጎርስ ነፍጥ ተሰቅሎ ነበር። ልጆች ሳለን ዓይናችን ከሱ ላይ አይነሣም። ተኳሹ ከቀንድ ባሩድ ይቀዳል፤ በአፈሙዙ ያፈሳል፤ እርሳሱን ይጨምርና በዘንግ ይጠቀጥቃል። ይህ ሁሉ ድካም ለአንድ ተኩስ ነው። «በኛ ጊዜ ሰው ሳያልም አይተኩስም» ይሉን ነበር አያቴ። ለጥምቀት ሲተኩሱት የነበረው የባሩድ ሽታ እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል።

ዳሩ ግን ናፍቆት ብቻውን ታሪክ አይሆንም። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ. ም. ከመቅደላ ሥር የዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች ይዘውት የወረዱት በአብዛኛው ይህንኑ ዓይነት ነፍጥ ነበር። እንግሊዞች ግን በኋላው በኩል ጥይት የሚጎርስ ሰናድር ይዘው መጥተዋል። ሰናድር በደቂቃ እስከ 10 ጊዜ ሲተኩስ፣ በአፈሙዝ የሚጎርሰው ቢፈጥን ቢፈጥን ከ3 አያልፍም። በዚያን ዕለት ከኛ ወገን 700 ያህል ሰው ሲሞት፣ ከእንግሊዞች በቁስል የሞቱት 2 ብቻ ነበሩ። ጀግንነት አልጎደለም፤ የጎደለው ማጉረሻ ጊዜ ነው። እንግዲህ አሮጌ ነፍጥ ባየሁ ቁጥር ሲያጎርሱ የወደቁት ይታወሱኛል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። አያቴ ባረፉ ጊዜ እንደ አገሩ ወግ ነፍጣቸው ለለቅሶው ወጣ። አንድ ዘመዳችን ለክብራቸው ሊተኩስ ብሎ ባሩድ ጨመረበት። ለካስ ነፍጡ ከብዙ ዓመት በፊት እንደጎረሰ ተሰቅሎ ኖሯል! ባሩድ እርጥበት ካላገኘው ዕድሜ አያደክመውም። በላዩ ላይ ሲጨመርበት ብረቱ አልቻለም፤ ፈነዳና የሰውዬውን ሦስት ጣቶች ወሰደ። ለአንድ ሐዘን ወጥተን በሁለት ሐዘን ተመለስን።

ስለዚህ የምለምናችሁ ነገር አለኝ። የአባቶቻችሁ ነፍጥ በቤታችሁ ቢኖር ባዶ ነው ብላችሁ አትመኑት፤ ልጅም አይንካው። ሕጉ የሚያዘውን ፈጽሙ፤ ሙያው ባለው ሰው እጅ ይመርመርና ይራገፍ። ከዚያ ወዲያ የማን እንደ ነበረና የት እንደ ዋለ በወረቀት ጻፉና ከሰደፉ ላይ እሰሩት። ባለቤቱን የማያውቅ ልጅ እጅ ሲገባ እኮ ብረት ብቻ ነው የሚሆነው!

በለቅሷችን ላይ ግን ተኩስ ይቅር። ሟቹን የምናከብረው ሥራውን በመናገርና ቤተሰቡን ባለመለየት ነው፤ ለዚህም ዕድራችን አለልን።

ያለፉትን ነፍስ ይማርልን፤ ያለነውን በሰላም ያቆየን።