ሽምግልና በፍርድ ቤት ጥላ ሥር



የመንዝ፥ የግሼና የመርሐ ቤቴ ደገኛ ሙግት ዐዋቂ መሆኑ የታወቀ ነው። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ርስት በአባትም በእናትም ወገን ይቈጠር ስለ ነበር፥ የዘር ሐረጉን የሚያውቅ ሁሉ የሚሟገትበት አያጣም ነበር። ነገሩ ሲከር ሽማግሎች ተቀምጠው፥ ዋስ አስጠርተው ያስታርቁ ነበር። ልማዱ ዛሬም አልጠፋም።

በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ዐዋጅ ቍጥር 1234 ፍርድ ቤት መር አስማሚነት የሚባለውን ሥርዓት አቋቁሟል። በዚያው ዓመት የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 1237 ደግሞ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ አስታራቂ የደነገጋቸውን አንቀጾች ተክቷል። የፊተኛው ዐዋጅ ለፌዴራል ፍርድ ቤቶች የወጣ ስለ ሆነ፥ በመሐል ሜዳ ወይም በዓለም ከተማ የሚታየውን ክስ አይመለከትም። ከዚያ ወጥተው በአዲስ አበባ ቤት ያፈሩትን ግን ይመለከታል።

ለምሳሌ ያህል፥ ወንድምና እኅት ወላጆቻቸው በአዲስ አበባ በተዉት ቤት ተካሰሱ እንበል። በቤተ ዘመድ ሽምግልና፥ ‹‹አንቺ ባል አለሽ፥ ለወንድምሽ ተዪለት›› ስትባል፥ እኅቲቱ የሽማግሎቹን ፊት አፍራ ድርሻዋን ልትለቅ ትችላለች። ሆኖም የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የውርስ መብት በወንድነትና በሴትነት እንዳይለያይ ደንግጓል።

የፍርድ ቤቱ አስማሚ ያቀራርባል እንጂ አይፈርድም፤ ታረቂ ብሎም ሊያስገድዳት አይችልም። ካልተስማሙ መዝገቡ ወደ ችሎት ይመለሳል። ለዕርቅ ስትል የተናገረችውም ቃል በማስረጃነት አይቀርብባትም።

ከተስማሙ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፍርድ ቤቱ የተፈረመው ስምምነት ከሕግና ከመልካም ጠባይ ጋራ የማይቃረን መሆኑን ተመልክቶ ሲያጸድቀው፥ እንደ ፍርድ ይፈጸማል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቍጥር 3312ም በስምምነት የተቈረጠውን ነገር በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቈጥረዋል። በአገር ቤት ዕርቅ የተጸጸተ ሰው በማግሥቱ ሌሎች ሽማግሎች ይልክ ይሆናል፤ በፍርድ ቤት የጸደቀውን ግን በጸጸት ብቻ ማፍረስ አይቻልም።

ስለዚህ፥ በየቀኑ የመንግሥትን ሰነድ መርምራችሁ የምትፈርሙ ሁሉ፥ ለገዛ ቤታችሁም እንደዚያው ትጉ። ሳታነቡ አትፈርሙ፤ ያልገባችሁን ጠይቁ፤ እኅቶቻችሁንም ‹‹አይሆንም›› ማለት ነውር አለመሆኑን አስረዷቸው። ዕርቅ መልካም ነው፤ የሚጸናውም ሁለቱም ወገኖች ዐውቀውና ወድደው ሲገቡበት ነው።