ጭሱ ወዴት ይሄዳል? ባዮማስን በሙቀት ስለመለወጥ
(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር)



ከሰል አክሳይ ቴርሞሜትር የለውም፤ ጭስ ያነባል። ከአፈሩ ክምር ነጭና ወፍራም ጭስ ሲወጣ እንጨቱ ውኃውን እየለቀቀ መሆኑን ያውቃል። ጭሱ ወደ ቢጫነት ሲያደላና ዓይን ሲቆጠቁጥ እንጨቱ ራሱ እየፈረሰ ነው። ቀጥኖ ሰማያዊ ሲሆን ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። እኛ ፓይሮሊሲስ የምንለው ይህንኑ ነው፤ ባዮማስን አየር በሌለበት ወይም እጅግ ባነሰበት ሁኔታ በሙቀት ማፍረስ።

ከሂደቱ ከሰል፣ ፈሳሽና ጋዝ ይገኛሉ። የእያንዳንዱን ድርሻ በዋናነት የሚወስኑት የሙቀቱ መጠንና ፍጥነቱ ናቸው። በ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በዝግታ ቢሞቅ ከደረቁ ክብደት ሲሶ የሚጠጋው ከሰል ይሆናል። በ500 ዲግሪ ገደማ በፍጥነት አሙቀን እንፋሎቱን በ2 ሴኮንድ ውስጥ ብናቀዘቅዘው ግን እስከ 75 በመቶ የሚደርስ ፈሳሽ እናገኛለን። ይህ ፈሳሽ ናፍጣ እንዳይመስላችሁ፤ አሲዳማ ነው፣ ውኃ ያዘለ ነው፣ የኃይል ይዘቱም በኪሎ ሲለካ የናፍጣን ግማሽ አይሞላም።

በባህላዊው ክምር ከ100 ኪሎ ደረቅ እንጨት ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከ10 እስከ 20 ኪሎ ከሰል ነው። የቀረው ከፊሉ እዚያው ይነድዳል፤ ከፊሉም ጭስ ሆኖ ይጠፋል። በተሻሻለው ምድጃ ጭሱ በቧንቧ ተመልሶ ምድጃውን ያሞቃል። ስለዚህ የመሻሻሉ ምስጢር ጭሱን መልሶ ማንደድ ነው።

ወደ ቡናችን እንምጣ። በደረቅ የተዘጋጀ ቡና ሲፈለፈል የሚወጣው ገለፈት ደረቅና ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። በእጥበት የሚወጣው እርጥብ ልጣጭ ግን ከክብደቱ 80 በመቶ ያህሉ ውኃ ነው። ከ100 ኪሎ ልጣጭ 80 ኪሎ ውኃ ለማትነን 200 ሜጋጁል ያህል ያስፈልጋል፤ የቀረው 20 ኪሎ ደረቅ ነገር ቢነድ የሚሰጠው 340 ገደማ ነው። ከግማሽ የሚበልጠው ኃይል ለማድረቂያ ብቻ ይውላል ማለት ነው። ፀሐይ ካላደረቀችው በቀር የዚህ ልጣጭ ቦታ የባዮጋዝ ጉድጓድ ነው።

አንድ ስሕተቴን ልናገር። በወጣትነቴ በሠራሁት ስሌት የጤፍ ጭድን «ቆሻሻ» ብዬ መዝግቤ ነበር። ጥናቱን ለገበሬዎች ሳስረዳ አንድ አዛውንት፣ «ታዲያ በሬዬ ምን ይብላ፣ ልጄ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ጭድ መኖ ነው፤ ከጭቃ ተቦክቶም የቤት ግድግዳ ይሆናል። ኩበትም ምድጃ ውስጥ በገባ ቁጥር ማሳው ማዳበሪያውን ያጣል። ተረፈ ምርት ሁሉ ትርፍ አይደለም።

ገለፈቱ ከሰል ሆኖ አፈር ውስጥ ሲገባ ፖታሲየም ይመልሳል፤ አመዱም የአፈርን አሲዳማነት ያለዝባል። አልካላይነት ባጠቃው ማሳ ላይ ግን ያው አመድ ጉዳት ነው። ስለዚህ አፈሩ ሳይመረመር ከሰል አይበተንም።

ውድ ተማሪዎች፣ የምድጃችሁን ንድፍ ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ጥያቄዎች መልሱ። ጥሬ ዕቃው ምን ያህል እርጥብ ነው? ዛሬ ማን እየተጠቀመበት ነው? ጭሱስ ወዴት ይሄዳል? ሁለተኛውን ጥያቄ ላቦራቶሪ ውስጥ አትመልሱትም፤ መንደር ወርዳችሁ ጠይቁ።