መተማና ገላባት፦ ንጉሠ ነገሥት የወደቁበት ድንበር

የዛሬው ጉዟችን ቆላ ነው። ሰሊጡና ማሽላው እስከ ገዳሪፍ ድረስ በተዘረጋበት፣ ፀሐይዋ የማታዝን በሆነችበት አገር፣ መተማ ዮሐንስ ነን። ይህን ከተማ እወደዋለሁ፤ ብዙ ሰው በጭነት መኪናና በሙቀት ብቻ ስለሚያውቀው ነገሩ ይቆጨኛል።

ከከተማው ዳር ቆማችሁ ወደ ምዕራብ ስታዩ ገላባት ፊት ለፊታችሁ ነው። በመካከል ያለው በበጋ የሚደርቅ ጅረትና ድልድይ ብቻ ነው። ወዲያ ሱዳን፣ ወዲህ ኢትዮጵያ። ይቺን ታህል ቦታ ስንት መንግሥት እንደተጋደለባት ሳስብ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ከድንበሩ በፊት ገበያው ነበር። ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር ወደ መካ ሲጓዙ እዚህ የቀሩት ተክሩሮች አካባቢውን ይዘው፣ ሼካቸው ለኢትዮጵያም ለግብፅም ይገብር ነበር። ቡናው፣ ሰሙ፣ ጥጡ፣ በክፉ ዘመንም ባሪያው የሚሸጠው እዚሁ ነበር። ለሁለት ጌታ መገበር ቀላል አይደለም፤ እነሱ ግን ችለውበት ነበር።

ያስጎበኙን አዛውንት ወሬያቸው ሁሉ ከአጤ ዮሐንስ ይጀምራል፤ ቢፈልጉም ሌላ ነገር ማውራት የሚችሉ አይመስለኝም። «አባባ፣ ለመሆኑ ንጉሡ እዚህ ድረስ ምን አመጣቸው?» አልኳቸው። «የጎንደር ነገር ነዋ ልጄ!» አሉኝ። እውነትም ድርቡሽ፣ ማለት የሱዳኑ የመሐዲ ጦር፣ በ1880 ዓ.ም. የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሳር ውኃ ላይ ድል አድርጎ ጎንደርን አቃጥሏል። ነገሩ ግን ከዚያም ይቀድማል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1876 ዓ.ም. ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር አድዋ ላይ ተዋውለው፣ በድርቡሽ የተከበበውን የግብፅ ጦር በአገራቸው በኩል ለማሳለፍ ቃል ገቡ። ቃላቸውን ጠበቁ፤ ጠላት አተረፉ። በለውጡ ዕቃቸው በነፃ እንዲያልፍባት የተፈቀደችላቸው ምፅዋ ግን ለኢጣሊያ ተሰጠች።

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር የድርቡሽን የእሾህ አጥር ጥሶ ገባ። አዛውንቱ እዚህ ሲደርሱ ድምፃቸው ከፍ ይላል፤ በእጃቸው አጥሩን እየጣሱ ያሳያሉ። ድሉ እጅ ገብቷል! ከዚያ ጥይት ንጉሡን አገኛቸው። ወሬው ሲሰማ ያሸነፈው ጦር ተፈታ። አጤ ዮሐንስ በማግስቱ ዐረፉ፤ ድርቡሽም ተከትሎ አስከሬናቸውን ማርኮ ራሳቸውን ቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ወሰደ። አጎታቸው ራስ አርአያ ከአስከሬኑ አልለይም ብለው እዚያው ወደቁ። ይህችን ሲነግሩን ዝም አልን። አሁንም ስናገራት ጉሮሮዬን ትይዘኛለች፤ አልለይም ብለው!

አውሮፓ ውስጥ ሰርቦች ኮሶቮን እንደዚሁ ያነሱታል፤ ልዑላቸው ላዛር የወደቀው እዚያ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኮሶቮ በ1389፣ መተማ በ1889፤ ልክ 500 ዓመት! ኮሶቮ ዛሬም ያከራክራል።

የኛስ? አጤ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ተዋዋሉ፤ በማግስቱ ዓመት ሻለቃ ግዊን የተባለ እንግሊዛዊ ኢትዮጵያዊ ወኪል በሌለበት ምልክቱን ተከለ። የድንበሩ እርሻ የአልፋሽጋ ጣጣ ከዚያ ይመዘዛል፤ በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሲነሳ የሱዳን ጦር ኢትዮጵያውያን ገበሬዎች ሲያርሱት የኖሩትን መሬት ያዘ። በዚያው ጊዜ ከሑመራና ከአካባቢው የሸሸውን ሕዝባችንን ገዳሪፍ ተቀብሎ አስጠልሏል። በ2015 ዓ.ም. ካርቱም ስትነድ ደግሞ ሱዳናውያን በዚሁ ድልድይ ወደ መተማ ተሻገሩ። የኔ ፍርድ ይኸው ነው፤ መስመሩን ያሰመረው ሩቅ ሰው ነው፣ ስደተኛ የሚቀበለው ግን የዳር አገር ሰው ነው።

አድማጮቻችን፣ ገዳሪፍ ሰሊጥ ለማጨድ የወረዳችሁ፣ ወይም ከአያቶቻችሁ የመተማን ዘመቻ የሰማችሁ ካላችሁ ደውሉልን። በሚቀጥለው ዝግጅት የናንተን ታሪክ እናሰማለን።