ዓሣ በል ዓሦች ምን ያህል ይበላሉ?

(በአቃቂ ቃሊቲ ለሰበካ ጉባኤያት ከቀረበ ንግግር)



የዓሣ ኩሬ ለመቆፈር ያቀደ አጥቢያ የዓሣ ጫጩት ከመግዛቱ አስቀድሞ አንድ ስሌት ሊያውቅ ይገባል፤ ይኸውም ዓሣ በል የሆነው ዓሣ በቀን የሚበላው መጠን ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተሳተፈችበት የጣና ዓሣ ልማት ይህ ጥያቄ ጎልቶ ይታያል። በሐይቁ ከሚኖሩት 15 የነጭ ዓሣ ዝርያዎች 8ቱ ሌሎች ዓሦችን አዳኞች ናቸው፤ በመንጋጋቸው ጥርስ ስለሌላቸው ትንንሾቹን እንዳሉ ይውጣሉ። ትንንሾቹን በመረብ ጠርገን ብንወስድ ትልልቆቹ ምን ይበላሉ?

ስሌቱ እንዲህ ነው። የተያዙት ዓሦች ሆድ ተከፍቶ የተገኘው ምግብ ይመዘናል፤ ሆዱ ባዶ እስኪሆን የሚፈጀው ጊዜም ይታያል። ለምሳሌ በአማካይ 5 ግራም ቢገኝና በ12 ሰዓት ቢፈጭ፣ የአንዱ ዓሣ የቀን ፍጆታ 10 ግራም፣ የ100 ዓሦች 1 ኪሎ፣ በዓመትም 365 ኪሎ ይሆናል። ውኃ ሲሞቅ መፈጨቱ ስለሚፈጥን የጣናን ቁጥር ለአቃቂ መዋስ አይገባም።

በኩሬም ቆሮሶ ፈጥኖ ይራባል፤ ሲበዛ በመኖ ሽሚያ ይቀጭጫል። አምባዛ ጫጩቱን በልቶ ብዛቱን ይገታል፤ ከልክ ሲያልፍ ግን ኩሬውን ያራቁታል።

ስለዚህ አምባዛ ከመጨመራችሁ በፊት ሚዛንና መዝገብ አዘጋጁ፤ በኩሬው የሚፈሰው የምእመናን ገንዘብ ነውና።