ተሳቢ ቤት፤ አመራረጡና አያያዙ

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ከአውቶሞቢል ኋላ ተቀጥሎ ስለሚጎተት አነስተኛ ቤት ነው። እንግሊዞች ካራቫን፥ አሜሪካኖች ትሬለር ይሉታል። እኛም የጭነት መኪና ነጂዎቻችን ከመኪና ኋላ ለሚጎተተው በሰጡት ስም ተሳቢ ቤት እንለዋለን። ነገሩ በአገራችን ብዙ ያልተለመደ ስለ ሆነ፥ «ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» የሚል አድማጭ ሊኖር ይችላል። መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛው፥ ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን በአሜሪካና በአውሮጳ ስለሚኖሩ፥ የዕረፍት ጊዜያቸውን ከልጆቻቸው ጋራ በጫካና በሐይቅ ዳር ለማሳለፍ ብለው እንዲህ ያለውን ቤት ለመግዛት የሚያስቡ አይጠፉም። ሁለተኛው፥ ይህ ትንሽ ቤት ስለ ንብረት አያያዝ የሚሰጠው ትምህርት ለማንኛውም ባለ ንብረት የሚበቃ ስለ ሆነ ነው።

አስቀድመን ስለ አጀማመሩ ጥቂት እንናገር። በዚህ ንግግር ውስጥ የምንጠራው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ነው። በ1885 ዓ.ም. ዶክተር ጎርደን ስቴብልስ የተባለ፥ ከእንግሊዝ የባሕር ኃይል ሐኪምነት በጡረታ የወጣ ደራሲ፥ ለመዝናኛ ጉዞ የሚሆን ቤት በብሪስቶል ከተማ በሚገኝ የሠረገላ ፋብሪካ አሠራ። ስሙንም ዋንደረር፥ ማለት ዘዋሪ አለው። ይህ ቤት በሁለት ፈረሶች የሚጎተት ሆኖ፥ ክብደቱ ሁለት ቶን ያህል ነበር። አውቶሞቢል ከተስፋፋ በኋላ ፈረሱ ቀረና ቤቱ ለሞተር ተገዛ። በአሜሪካ ኤርስትሪም የተባለውን ኩባንያ ያቋቋመው ዋሊ ባያም በ1936 ዓ.ም. ክሊፐር የተባለውን፥ ከአሉሚኒየም ላሜራ የተሠራና እንደ አውሮፕላን አካል የተሞለሞለ ተሳቢ ቤት አወጣ።

ይኸው ሰው የመራው 41 ተሳቢ ቤቶችን የያዘ ጓዝ በ1959 ዓ.ም. ከደቡብ አፍሪካ ከኬፕታውን ተነሥቶ፥ በኬንያና በአገራችን በኢትዮጵያ አልፎ፥ በ1960 ዓ.ም. ካይሮ ገብቷል። የመንገዱ ብዙው ክፍል ጭቃና ድንጋይ ስለ ነበረ፥ ጥገና የጉዞው የዘወትር ሥራ ነበር። ተሳቢ ቤት የቱንም ያህል ጠንክሮ ቢሠራ፥ የሚያየውና የሚጠግነው ሰው ከሌለው ሩቅ አያደርስም።

በሌላ ወገን ደግሞ ትንሹን የመረጡ አሉ። በ1947 ዓ.ም. ሜካኒክስ ኢለስትሬትድ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት፥ የእጅ ሥራ የሚችል ሰው በግቢው ሊሠራው የሚችል፥ የእንባ ጠብታ የሚመስል ተሳቢ ንድፍ አሳትሞ ነበር። ውስጡ ሁለት ሰው ያስተኛል፤ ማድ ቤቱም ከኋላ ክዳኑ ሲነሣ የሚገኝ ነው። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ በካናዳ በዊኒፔግ ከተማ ቦለር የተባለው ተፈለሰፈ። ይህኛው ከፋይበር ግላስ በቅርጽ ተቀርጾ፥ የላይኛውና የታችኛው ግማሽ እንደ እንቁላል ቅርፊት የተጋጠመ ነው። ርዝመቱ 13 ጫማ፥ ማለት 4 ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ብዙ ጉልበት የሌላት መኪና ትጎትተዋለች። በዚሁ ዓይነት የተሠሩት ዛሬም በአሜሪካና በካናዳ መንገዶች ላይ ይታያሉ፤ ፈላጊያቸውም ብዙ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳያችን እንግባ። ተሳቢ ቤት ሊገዛ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑ የሚያርፈው በመጋረጃው፥ በአልጋውና በወጥ ቤቱ ማማር ላይ ነው። ሆኖም ይህ ቤት የሚመረጠው በጌጡ ሳይሆን በሁለት ነገሮች ነው፤ እነርሱም ክብደትና ድርቀት ናቸው። ክብደቱ ነፍስን የሚመለከት፥ ድርቀቱ ደግሞ ገንዘብን የሚመለከት ነው።

ስለ ክብደት ስናስብ ባዶውን ሳይሆን የተጫነውን ማሰብ ይገባል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ መሆኑን እናውቃለን። ለምሳሌ ባዶው 900 ኪሎ የሚመዝን ተሳቢ ቤት፥ 80 ሊትር ውሃ፥ 34 ኪሎ የሚሆኑ ሁለት የጋዝ ሲሊንደሮች፥ 25 ኪሎ ባትሪና 160 ኪሎ ምግብ፥ ልብስና መኝታ ቢጫንበት፥ ድምሩ 1,199 ኪሎ ይሆናል። ሻጩ የነገረን 900 ነበር፤ መኪናችን የምትጎትተው ግን 1,200 ነው። ከዚህም በላይ በመኪናዋ ውስጥ የሚቀመጠው ቤተ ሰብና ሻንጣ ሁሉ ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ብልህ ገዢ አስቀድሞ የመኪናውን መጽሐፍ ገልጦ የመጎተት አቅሟን ያነብባል፤ ከዚያም ከአቅሟ በታች የሆነውን ይመርጣል። ከገዛ በኋላም ጓዙን እንደ ጫነ ለከባድ መኪናዎች ወደ ተዘጋጀው ሚዛን ወስዶ ያስመዝነዋል። ግምት ሚዛንን አይተካም።

ክብደቱ ልክ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ አቀማመጡም መስተካከል አለበት። በአሜሪካ በተለመደው ደንብ፥ ከተጫነው ጠቅላላ ክብደት ከመቶ 10 እስከ 15 የሚሆነው በመኪናዋ መጎተቻ ላይ ማረፍ ይገባዋል። በላይኛው ምሳሌያችን ይህ ከ120 እስከ 180 ኪሎ መሆኑ ነው። በአውሮጳ ግን መኪናዎቹና መጎተቻዎቹ የሚፈቅዱት ከዚህ ያነሰ ስለ ሆነ፥ የፋብሪካውን መመሪያ መከተል ያስፈልጋል። ከባዱ ዕቃ ሁሉ ወደ ኋላ ተከማችቶ ፊቱ የቀለለ እንደ ሆነ፥ ተሳቢው በፍጥነት ጊዜ እንደ ውሻ ጅራት ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ መወዛወዙም እያደገ ሄዶ መኪናዋን ጭምር ሊገለብጥ ይችላል። ስለዚህ ከባዱን ዕቃ በመንኰራኵሩ አካባቢና ዝቅ አድርጎ መጫን ይገባል። ይህ መወዛወዝ ቢደርስ ነጂው መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ፥ እግሩን ከነዳጁ ላይ ቀስ ብሎ ያንሣ፤ ለተሳቢው ብቻ የሚሆን የእጅ ፍሬን ካለውም በርሱ ይርዳው። በድንጋጤ የመኪናዋን ፍሬን አጥብቆ መርገጥ፥ ወይም አመልጣለሁ ብሎ ፍጥነት መጨመር አደጋውን ያብሰዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ድርቀት ነው። የተሳቢ ቤት ታላቁ ጠላት ርቀት ሳይሆን ውሃ ነው። ብዙዎቹ ተሳቢ ቤቶች የተሠሩት በቀጭን የእንጨት አውታር ላይ ከውጭ ላሜራ፥ ከውስጥ ስስ ጣውላ ተለብጦባቸው ነው። በጣሪያው መጋጠሚያ፥ በመስኮቱ ዙሪያ ወይም በመብራቱ ሥር ፀጕር የምታህል ስንጥቅ ስትከፈት፥ ዝናቡ በዚያ ገብቶ በሁለቱ ልባሶች መካከል ይቀመጣል። ከውጭ ሲያዩት የሚያብረቀርቀው ቤት፥ አጥንቱ ግን ምስጥ እንደ በላው ምሰሶ ይሆናል። የፋይበር ግላሱ ዓይነት መጋጠሚያው ጥቂት ስለ ሆነ ከዚህ በብዙ ይድናል፤ ቢሆንም በመስኮቱ፥ በጣሪያው መተንፈሻና በምስማሮቹ ቀዳዳ ውሃ መግባቱ አይቀርም።

ስለዚህ አሮጌ ተሳቢ ቤት ለመግዛት የሚሄድ ሰው ቢቻል በዝናብ ማግሥት ይሂድ። በሩን እንደ ከፈተ አስቀድሞ በአፍንጫው ይመርምር፤ የሻጋታ ሽታ ከሻጩ ቃል ይልቅ እውነት ይናገራል። ከዚያ ቁም ሣጥኖቹን ከፍቶ ማዕዘኖቹን ይመልከት፤ ከመስኮቶቹ ሥር ያለውን ግድግዳ በአውራ ጣቱ ይጫን፤ ወለሉንም በየማዕዘኑ በእግሩ ይሞክር። የሚሰረጕድ፥ ያበጠ ወይም የጠቈረ ቦታ ካገኘ ነገሩን ይጠርጥር። በአንድ ግድግዳ ላይ ብቻ አዲስ ቀለም ወይም አዲስ ወረቀት ተለጥፎ ቢያይ፥ «ይህ ለምን ታደሰ?» ብሎ ይጠይቅ። ሊብሬውና በሻንሲው ላይ የተቀረጸው ቍጥር አንድ መሆናቸውንም ሳያረጋግጥ ገንዘቡን አይክፈል።

ጥገናውም የራሱ ሥርዓት አለው። የተለመደው ስሕተት የበሰበሰውን ጣውላ ለውጦ ውሃው የገባበትን ቀዳዳ መርሳት ነው። እንዲህ ያለው ሥራ በሚቀጥለው ክረምት ከንቱ ይሆናል። ቀድሞ የመግቢያው ቀዳዳ ይፈለግ፤ ቀጥሎ የደረቀውና የተሰነጣጠቀው አሮጌ ማሸጊያ ተፍቆ ይጽዳና ለተሳቢ ቤት በተሠራው የሚለጠጥ ማሸጊያ ይታሸግ። ተራው የሲሊኮን ማጣበቂያ ግን ሌላ ማሸጊያ በላዩ እንዳይዝ ስለሚያደርግ፥ ለጣሪያው መጋጠሚያ የሚመከር አይደለም። ከዚህ በኋላ የበሰበሰው እንጨት ጤነኛው እስኪገኝ ድረስ ተቈርጦ ይወጣል፤ የቀረው በሚገባ ደርቆ አዲሱ ይገጠማል፤ ልባሱም በመጨረሻ ይመለሳል። ጣሪያውን በየስድስት ወሩ ወጥቶ የሚያይ ሰው ግን ለዚህ ሁሉ ድካም የሚደርስበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ስለ መንኰራኵሩም መዘንጋት አይገባም። የተሳቢ ቤት ጎማ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው በመሮጥ ሳይሆን በመቆም ነው። ጥርሱ ሳያልቅ ፀሐይና ዕድሜ ከውስጥ ይበሉታል። በአሜሪካ በሚሸጡ ጎማዎች ጐን ላይ የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት የሚገልጹ አራት ቍጥሮች አሉ፤ 2319 የሚል ቢገኝ በ2019 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ከአምስትና ከስድስት ዓመት ያለፈውን ጎማ መልኩ ቢያምርም አምኖ ረዥም ጉዞ መጀመር አይገባም። ኩሽኔታው በዓመት አንድ ጊዜ ተፈትቶ ታጥቦ አዲስ ግራሶ ይግባለት። ቸርኬው ተፈትቶ በታሰረ ጊዜም ከ80 እስከ 160 ኪሎ ሜትር ከተጓዙ በኋላ ቆሞ ዳዶዎቹን እንደ ገና ማጥበቅ ያስፈልጋል። ሁለቱ የደኅንነት ሰንሰለቶች ከመጋጠሚያው ሥር ተመሳቅለው መታሰር አለባቸው፤ መጋጠሚያው ቢፈታ ተሳቢውን የሚይዙት እነርሱ ናቸውና።

በመጨረሻ ስለ እሳት እንናገር። በነዚህ ቤቶች የሚሠራበት ፕሮፔን የተባለው ጋዝ ከአየር ይልቅ ስለሚከብድ፥ ቢያፈስ ወደ ላይ ወጥቶ አይጠፋም፤ በወለሉ ላይ ተኝቶ ብልጭታን ይጠብቃል። መገጣጠሚያዎቹ በሳሙና ውሃ እየተቀቡ ይመርመሩ፤ አረፋ የሚያወጣው ቦታ ያፈስሳል ማለት ነው። በክብሪት መፈለግ ግን ፈጽሞ የተከለከለ ነው። በአገራችን በተዘጋ ቤት ከሰል አንድዶ መተኛት ስንት ቤተ ሰብ እንደ ጨረሰ የማያውቅ የለም። ያው ሽታ የሌለው መርዝ፥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው፥ በተሳቢ ቤትም ውስጥ ይፈጠራል፤ ቤቱም ጠባብ ስለ ሆነ ፈጥኖ ይሞላል። ስለዚህ የምግብ ምድጃ ለሙቀት አይነደድ፤ መተንፈሻው ለብርድ ተብሎ አይደፈን፤ መርዙን በድምፅ የሚያስታውቀው መሣሪያም ባትሪው እየታየ ዘወትር ይሠራ።

በጋዝ የሚሠራው ማቀዝቀዣ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ይህን መሣሪያ በ1922 ዓ.ም. የፈለሰፉት ባልትዛር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ የተባሉ ሁለት የስዊድን ተማሪዎች ናቸው። የሚሽከረከር ሞተር የለውም፤ ነበልባሉ በቧንቧዎቹ ያለውን ፈሳሽ ያፈላዋል፤ ፈሳሹም በገዛ ክብደቱ ወርዶ ይመለሳል። ስለዚህ ቤቱ ዘንበል ብሎ ከቆመ ፈሳሹ መመለሻ አጥቶ ማቀዝቀዣው መሥራቱን ይተዋል፤ ልማድ ከሆነም ፈጽሞ ይበላሻል። ባለቤቱ ማቀዝቀዣው ተበላሸ ብሎ ጋራዥ ከመሄዱ በፊት፥ ቤቱ በተስተካከለ መሬት ላይ መቆሙን ይመልከት።

ክቡራን አድማጮች ሆይ፤ ከዚህ ሁሉ የምናገኘው አሳብ አንድ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ትልቁን ተሳቢ ቤት ሊገዛ ይችላል፤ ነገር ግን መኪናው የማትችለው፥ እርሱም ለማየት ጊዜ የሌለው ከሆነ፥ የገዛው ዕረፍት ሳይሆን ጭንቀት ነው። አራት ሜትር የምትሆን ደረቅ ቤት፥ ባለቤቷ እያንዳንዱን ብሎን የሚያውቃት ከሆነች፥ ዓሥር ሜትር ከሚሆን ከሚያፈስ ቤተ መንግሥት ትሻላለች። አበው ከአያያዝ ይቀደዳል ያሉት ለልብስ ብቻ አይደለም። ዕቃን መግዛት የአንድ ቀን ሥራ ሲሆን፥ መያዝ ግን የዘወትር ሥራ ነው፤ ዕቃ ተረክቦ በኃላፊነት የሚፈርም የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ይህን ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል። እንግዲህ በውጭ አገር ያለ ልጃችሁ ወይም ወንድማችሁ ተሳቢ ቤት ልገዛ ነው ብሎ ቢጽፍላችሁ፥ ስለ ቀለሙ ከመጠየቃችሁ በፊት ተጭኖ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን፥ በዝናብ ማግሥትም ማዕዘኖቹን አይቷቸው እንደ ሆነ ጠይቁት።