የተጠገነ መኪና ቀለም ከነባሩ ጋር የሚገጥመው እንዴት ነው? ብርሃን፣ ከፍታና የባለሙያው ዓይን



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ በመጀመሪያ ሲታይ ለሕዝብ ንግግር የሚያንስ ይመስል ይሆናል። መኪና ይጋጫል፤ ፓራፋንጎው ወይም በሩ ይጎዳል። የባትላሜራ ባለሙያው ላሜራውን ቀጥቅጦ ያቃናል፤ ስቱኮ ይለጥፋል፤ በብርጭቆ ወረቀት ያሻል፤ ከዚያም ቀለም ይረጫል። ባለንብረቱ መኪናውን ሊረከብ ሲመጣ ግን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ይመለከትና «ቀለሙ አልገጠመም» ይላል። ባለሙያውም በፋብሪካው መለያ ላይ የሰፈረውን ኮድ አሳይቶ ያንኑ ቀለም እንደ ገዛ ይምላል። እኔ የምለው፣ ብዙውን ጊዜ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ይህ ሊሆን የሚችልበትን ምክንያት ማስረዳት የዛሬው ሥራዬ ነው።

ነገሩ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በጋሸና በኩል ወደ ወልድያ በሚዘልቀው መንገድ ላይ የሚሠራ አንድ ሚኒባስ ለባለቤቱ ቤትም እርሻም ነው። ያልገጠመ ቀለም መኪናው ለሽያጭ በቀረበ ቀን ከዋጋው ላይ ይቀነሳል። የባለሙያው ስምም በአንድ በር ምክንያት ከገበያ ሊወጣ ይችላል። ከዚህ የሚከብድ ሌላ ዋጋም አለ፤ እርሱን ወደ መጨረሻው አነሣዋለሁ።

ከኮዱ ልጀምር። አምራቾች የእያንዳንዱን መኪና ቀለም በአጭር ኮድ ይመዘግባሉ። ለምሳሌ በቶዮታ መኪኖች ላይ «040» የተባለው ቁጥር በሰፊው የሚታወቅ ነጭ ነው። ኮዱ የሚነግረን መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ሊኖረው የታሰበውን ቀለም ነው። ይሁን እንጂ አንድ ዓይነት ኮድ በተለያዩ ፋብሪካዎችና ዓመታት ሲረጭ ጥቂት ልዩነት ይፈጠራል። የቀለም አምራቾች ለአንድ ኮድ ከአንድ በላይ የቅልቅል አማራጮችን የሚያዘጋጁት ስለዚህ ነው። በዚያ ላይ መኪናው ዓመታትን በፀሐይ አሳልፏል። ስለዚህ ኮዱ የመነሻ አድራሻ እንጂ የመድረሻ አድራሻ አይደለም። ልናመሳስለው የሚገባን ቀለም ዛሬ በመኪናው ላይ ያለው ነው።

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ከፍታ የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል እንደሚጨምር ይታወቃል። ይህ ጨረር የቀለሙን ማያያዣ ሙጫ ቀስ በቀስ ይሰብራል፤ የአንዳንድ ቀለማትን፣ በተለይም የብዙ ቀዮችን፣ ድምቀት ያደበዝዛል። መከላከያ ክሊር የሌለው አሮጌ ቀለም በእጅ ሲዳሰስ ነጭ ዱቄት የሚተወው ከዚህ የተነሣ ነው። እንዲህ ባለ መኪና ላይ አዲስ የተቀባው በር ከነባሩ ቢደምቅ አያስገርምም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ቀለም መቀላቀል ሳይሆን ነባሩን አካል ማጠብና በፖሊሽ ማሸት ነው። የሞተው ንጣፍ ሳይነሣ የሚደረግ ንጽጽር ቀለምን ከአቧራ ጋር ማነጻጸር ይሆናል።

ሁለተኛው ጉዳይ ብርሃን ነው። ቀለም በጣሳ ውስጥ ተጠናቆ የሚገኝ ነገር አይደለም። ብርሃን በአካሉ ላይ ያርፋል፤ አካሉ ከፊሉን ውጦ ከፊሉን ይመልሳል፤ የተመለሰው ወደ ዓይን ይገባል። ከሦስቱ አንዱ ሲለወጥ ቀለሙም ይለወጣል። ዓይናችን ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ ያለውን የሞገድ ርዝመት የሚለየው በሦስት ዓይነት ተቀባይ ሕዋሳት ብቻ ነው። በመሆኑም ሁለት ቀለሞች ብርሃን የሚመልሱበት መንገድ የተለያየ ሆኖ ሳለ በአንድ ብርሃን ሥር አንድ መስለው ሊታዩ ይችላሉ። ብርሃኑ ሲቀየር ግን ይለያያሉ። ይህ ክሥተት ሜታሜሪዝም ይባላል። በጋራዥ አምፖል ሥር የገጠመው ፓራፋንጎ ውጭ ሲወጣ «ሌላ ሰው» የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን ለንጽጽር ካስቀመጣቸው መደበኛ ብርሃኖች መካከል ዲ65 የቀን ብርሃንን፣ ኤ ደግሞ የባለ ክር አምፖልን ይወክላሉ። ቀለሙ በሁለቱም ሥር ከገጠመ እምነት ይጣልበታል። ይህን ለመመርመር ውድ መሣሪያ የግድ አያስፈልግም። አንድ ጊዜ በጥላ ሥር ባለ የቀን ብርሃን፣ አንድ ጊዜ በአምፖል ማየት ብዙ ይናገራል። ከሜታሜሪዝም የሚያድነው ዋናው መንገድም የታወቀ ነው፤ ፋብሪካው በተጠቀመባቸው የቀለም ቅመሞች ዓይነት መቀላቀል። በሌላ ቅመም እየጨማመሩ «ማምጣት» በአንድ ብርሃን ያስደስታል፤ በሌላው ያሳፍራል።

ሦስተኛው ጉዳይ ማዕዘን ነው። ብርማና ሌሎች ሜታሊክ ቀለሞች በውስጣቸው ቀጫጭን የአሉሚኒየም ቅንጣቶች አሏቸው። ቅንጣቶቹ እንደ ጥቃቅን መስታወቶች ናቸው፤ አቀማመጣቸው የቀለሙን ጽዳለ ብርሃን ይወስናል። ቀለሙ ደረቅ ብሎ ሲረጭ በአብዛኛው ፊት ለፊት ሲታይ ይነጣል፤ ረጥቦ ሲረጭ ይጠቁራል። ከአንድ ጣሳ የተቀዳ ቀለም፣ በሁለት ሰዎች እጅ ሁለት ቀለም ይሆናል ማለት ነው። የአየር ግፊቱ፣ የመርጫው ርቀት፣ የእጁ ፍጥነትና የቲነሩ ዓይነት ሁሉ የቅልቅሉ አካል ናቸው። ለዚህ ነው ዘመናዊ የቀለም መለኪያዎች ሜታሊክን በአንድ ማዕዘን ሳይሆን በበርካታ ማዕዘኖች የሚለኩት። ባለሙያውም በፊት ለፊት፣ በጎንና በጣም ዝቅ ብሎ ሳያይ «ገጥሟል» ማለት የለበትም።

የአገራችን ከፍታ እዚህም ይገባል። በ2,700 ሜትር የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 72 በመቶ ያህል ነው። ኮምፕሬሰሩ በሚስበው እያንዳንዱ ሊትር ውስጥ ያለው አየር ያንሳል፤ ቲነርም በዝቅተኛ ግፊት ፈጥኖ የመትነን ዝንባሌ አለው። በአንጻሩ የማለዳውና የማታው ብርድ ትነቱንም መድረቁንም ያዘገያል። በክረምት ደግሞ ፈጣን ቲነር ሲተን ላሜራውን ስለሚያቀዘቅዘው፣ የአየሩ እርጥበት በቀለሙ ላይ ጤዛ ሆኖ ነጭ ጉም ሊያለብሰው ይችላል። በቆላ ከተማ የሠመረ የቲነር ምርጫ በሐምሌ ደብረ ታቦር ላይ ላይሠምር የሚችለው በዚህ ነው። በጣሳው ላይ የተጻፈው መመሪያ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን የሚለካው በእኛ አየር ውስጥ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ፣ የሙከራ ካርድ ይሠራ። በትንሽ ላሜራ ላይ፣ በዚያው መርጫ፣ በዚያው ግፊት፣ በዚያው ሰው እጅ ይረጫል፤ ክሊር ያለው ቀለም ከሆነ ክሊሩም ይጨመርበታል፤ ከደረቀ በኋላ ከመኪናው ጋር ይነጻጸራል። እርጥብ ቀለም በጣሳ ውስጥ ታይቶ ፍርድ አይሰጥበትም። ቀይና ቢጫን የመሳሰሉ የሥራቸውን የሚያሳዩ ቀለሞች ሲሆኑ፣ ከሥር ያለው የመሠረት ቀለም ውጤቱን እንደሚለውጥ መዘንጋት የለበትም።

ሁለተኛው ዘዴ ከሁሉም በላይ የምወደው ነው። ዓይናችን ጠርዝን በማግኘት ረገድ እጅግ የሠላ ነው፤ ቀስ በቀስ የሚሄድን ለውጥ ግን በቀላሉ አይይዝም። ሁለት ተቀራራቢ ነጮች በአንድ መስመር ላይ ከተገናኙ ልዩነታቸው ይጮኻል፤ ያው ልዩነት በአንድ ሜትር ርቀት ላይ ከተበተነ ዝም ይላል። ስለዚህ የሠለጠነ ቀቢ አዲሱን ቀለም በተጠገነው በር ጠርዝ ላይ ቆርጦ አያቆምም። ወደ ጎረቤቱ አካል እያሳሳ ያስገባዋል፤ ከዚያም ጎረቤቱን አካል በሙሉ ክሊር ያለብሰዋል። ፍጹም አንድ የሆነ ቀለም ለማግኘት ማለቂያ የሌለው ድካም ከመድከም፣ ዓይን የሚፈልገውን ድንበር ማጥፋት ይሻላል።

ቋንቋችን ለዚህ ሙያ እንግዳ አይደለም። ገበሬው ከብቱንና ፈረሱን ዳማ፣ ቡላ፣ ዳለቻ እያለ ይለያል፤ «ቡናማ ነው» ብሎ አያልፍም። መኪና ቀቢዎችም ነጭን ወደ ቢጫ ያደላ፣ ወደ ሰማያዊ ያደላ፣ የገረጣ፣ የጠቆረ እያሉ ይለያሉ። በላቦራቶሪ ቀለምን በሦስት ቁጥሮች፣ ማለትም በብርሃንነቱ፣ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ባለው ስፍራውና ከሰማያዊ ወደ ቢጫ ባለው ስፍራው የሚገልጸው የ1976 (እ.ኤ.አ.) ሥርዓት የሚጠይቀውም ያንኑ ነው፤ ምን ያህል ይበራል? ወዴትስ ያደላል? ልዩነቱ እኛ ቁጥሩን እንጽፈዋለን፤ እነርሱ በዓይናቸው ይዘውት ይሄዳሉ። ባለሙያው ሲያርፍ እውቀቱም አብሮት ያርፋል።

ጥሩ የገጠመ ቀለም ግን የሥነ ምግባር ጥያቄም ያስነሣል። ጥገና ጉዳትን ያድናል፤ ጉዳቱን ከገዢ መደበቅ ግን ሌላ ሥራ ነው። የፋብሪካ ቀለም ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮሜትር ገደማ ውፍረት አለው፤ ወፍራም ስቱኮ ያለበት አካል ከዚህ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ማግኔት እንኳ በወፍራም ስቱኮ ላይ አይዝም። ስለዚህ ሐሰቱ ብዙ አይዘልቅም። ቀቢው የሠራውን በግልጽ ጽፎ ቢሰጥ፣ ሥራው ከማፈሪያነት ወደ ዋስትናነት ይሸጋገራል።

አሁን በመጀመሪያ ወዳቆየሁት ዋጋ ልመለስ። ባለ ማጠንከሪያ የሆኑት ቀለሞችና ክሊሮች አብዛኛውን ጊዜ አይሶሳያኔት የተባለ ውሕድ አላቸው። ይህ ውሕድ የሙያ አስም ያስከትላል፤ ሰውነት አንድ ጊዜ ከተቆጣበት በኋላ በጣም አነስተኛ መጠን እንኳ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል። አፍንጫ ላይ የታሰረ ጨርቅ ወይም ተራ የአቧራ ጭንብል አይከላከለውም፤ የሚመከረው ንጹሕ አየር ከውጭ በቱቦ የሚያስገባ ጭንብል ነው። ዛሬ በየጋራዡ ተቀጥረው የሚሠሩ ወጣቶች በር ዘግተው የሚረጩት አቧራ እንዳይገባ ነው፤ ያው የተዘጋ በር ግን ጉሙን ከሳንባቸው ጋር ያስቀረዋል። የገጠመ ቀለም በባለሙያው እስትንፋስ መገዛት የለበትም።

ከዚህ አዳራሽ ጥቂት ኪሎ ሜትሮችን ብቻ የሚያስሄድ ታሪክም አለን። በጋፋት የዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል መድፍ ቀልጦ ተሠርቷል። ሆኖም በዚሁ ምድር የእጅ ባለሙያ «ጠይብ» እየተባለ ለዘመናት ሲናቅ ኖሯል። የመድፉን ስም እያወደስን የሠሪውን ሙያ ሳንጽፍ የምንቀርበት ዘመን ማብቃት አለበት። ስለዚህ ለተማሪዎቻችን የምለው ይህ ነው፦ ወደ ጋራዦቹ ሂዱ፤ ከባለሙያዎቹ ጋር ሆናችሁ የሙከራ ካርዶችን ሰብስቡ። በእያንዳንዱ ካርድ ጀርባ ኮዱን፣ የመኪናውን ዘመን፣ በግራም የተመዘነውን ቅልቅል፣ የቲነሩን ዓይነት፣ ወሩንና ሰዓቱን ጻፉ። ሚዛን፣ እስክሪብቶና ትዕግሥት ይበቃሉ። እናንተም መምህራን፣ የአየር ማስወጫና የመተንፈሻ መከላከያ በአነስተኛ ወጪ የሚሠራበትን መንገድ የተማሪዎቻችሁ የመመረቂያ ሥራ አድርጉት።

የጋራዥ ባለሙያዎች ሆይ፣ በመካከላችን የተገኛችሁት ለመማር ብቻ አይደለም። ከተናገርሁት ውስጥ በእጃችሁ ሥራ የማይስማማ ነገር ካለ አሁን ንገሩን፤ መድረኩን ለእናንተ እለቅቃለሁ።