በጎተራ ያለው ዘር ይተነፍሳል



ሰውም፣ በሬም፣ ስንዴም የተሠሩት ሕዋስ ወይም ሴል ከሚባሉ፣ ያለ ማጉያ መነጽር ከማይታዩ ደቃቅ ክፍሎች ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ እንደ አንድ ጎጆ ነው። የሚገባውንና የሚወጣውን የሚመርጥ ስስ ሽፋን በሩ ነው፤ ሥራውን የሚመራው አስኳል አባወራው ነው፤ ከምግብ ኃይል የሚያወጣው ክፍልም ምድጃው ነው። የተክል ሕዋስ በዚህ ላይ ጠንካራ ግድግዳ አለው።

በጎተራ ያለ ዘር የሞተ አይደለም። በፍሬው ጫፍ ያለችው ፅንስ ሕዋሳቷ ሕያዋን ናቸውና ቀስ ብለው ይተነፍሳሉ። ዘሩ ሳይደርቅ ከተከተተ ግን ምድጃው ይነዳል፤ ስንቁ ያልቃል፤ ክምሩ ይሞቃል፤ ይሻግታል፤ ፅንሷም ትሞታለች። እንዲህ ያለው ዘር ለዓይን ደኅና መስሎ በማሳ ላይ ያሳፍራል።

ስለዚህ የስንዴ ዘራችሁን በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ብሎ እስኪሰበር አድርቃችሁ ክተቱ። ሳትዘሩም በፊት ሳትመርጡ 100 ፍሬ ቆጥራችሁ በርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉ፤ ጨርቁም አይድረቅ። በ8ኛው ቀን የበቀለውን ቁጠሩ። 85 ያህል ካልሞላ፣ ጊዜው ሳያልፍ ሌላ ዘር ፈልጉ።